ከሚዛኑ በፊት መንጋውን ማየት፦ በደብረ ማርቆስ ጓሮ የሥጋ ዶሮ ያሳደግሁበት መንገድ

በጓሮዬ የሥጋ ዶሮ ለማሳደግ ስነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ የዝርያ ምርጫ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ብርዳም፣ አየሯም ከቆላው አየር የሳሳ ነው። እንደ ኮብ 500 እና ሮስ 308 ያሉት ነጫጭ የሥጋ ዝርያዎች ጥሩ መኖና በቂ ሙቀት ካገኙ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁለት ኪሎ ያልፋሉ። ይሁን እንጂ ሥጋቸው የሚያድግበት ፍጥነት የልባቸውንና የሳንባቸውን አቅም ስለሚቀድም፣ ኦክስጅን በሚያንስበት ደጋ ላይ፣ በተለይ ብርድ ሲታከልበት፣ በሳንባቸው ያለው የደም ግፊት ይጨምርና የልባቸው ቀኝ ክፍል ይዳከማል፤ በመጨረሻም ሆዳቸው ውኃ ይቋጥራል። እንዲህ የሆነ ዶሮ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው መኖውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ለገበያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ስለሆነ ኪሳራው ድርብ ነው። ስለዚህ በእድገት ዘገም የሚለውን፣ ብርዱንም በተሻለ የሚችለውን፣ ሳሶ የተባለውን ባለቀይ ላባ ዝርያ መረጥሁ።

ለዚህ ምርጫ የገዥው ፍላጎትም አግዞኛል። በበዓል ዋዜማ ዶሮ የሚገዛ የጎጃም ሰው ዶሮውን በቁሙ አንሥቶ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፣ ደረቱን ይዳብሳል፣ የላባውን መልክ ያያል፤ ቀይ ወይም ገብስማ አውራ ሲያገኝ ብዙም አይከራከርም፣ ነጩን ግን በቅናሽ ካልሆነ አይወስድም። ሥጋውም በቁሌት ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲንተከተክ አሥራ ሁለቱ ብልት ቅርጹን እንደያዘ መውጣት አለበት። የስድስት ሳምንት ዶሮ ለጥብስ መልካም ነው፤ ለዶሮ ወጥ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ድስቱ ውስጥ ከመፈራረስ የሚያድነው ነገር የለም።

የጊዜው ስሌት ከጾም ጋር የተያያዘ ነው። ሳሶ በደህና አያያዝ ለገበያ የሚሆን ክብደት ላይ የሚደርሰው በ11 ወይም በ12 ሳምንት ነው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ስለዚህ ለፋሲካ የሚሆነውን መንጋ ጾሙ ከመግባቱ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት አስቀድሜ አስገባለሁ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚሆነውን በሰኔ አጋማሽ ላይ። በጾም ወራት ገበያ ላይ ዶሮ ፈላጊ ስለሌለ ቀድሞ የደረሰ ዶሮ ማለት በየቀኑ መኖ እየበላ የሚጠብቅ ዶሮ ማለት ነው። የፋሲካው መንጋ ጫጩትነቱን የሚያሳልፈው ሌሊቱ ውርጭ በሚሆንበት ወቅት በመሆኑ ሙቀት አጠባበቅ ላይ ሥራው ይበዛል፤ የእንቁጣጣሹ ደግሞ ክረምቱን የሚያልፈው እርጥበትን እየታገለ ነው። ሁለቱን ሳነጻጽር ከእርጥበቱ ይልቅ ብርዱን መከላከል ይቀለኛል።

የአንድ ቀን ጫጩት የገላውን ሙቀት በራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ 21 አካባቢ ሲደርስ ማሞቂያውን ማንሣት ይቻላል። ቴርሞሜትር በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ሰቅያለሁ፤ ውሳኔዬን የምወስነው ግን በአተኛኛቸው ነው። ከአምፖሉ ሥር ተደራርበው ጮኸው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል። ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ግድግዳው ከሸሹ ሙቀቱ በዝቷል። ሁሉም በአንድ ወገን ከተሰበሰቡ ከተቃራኒው ወገን ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቴርሞሜትሩ ይህንን የመጨረሻውን ነገር ፈጽሞ አይነግርም። በጉዝጓዙ ላይ ሁሉ ተበትነው ገሚሱ ሲበላ፣ ገሚሱ ሲተኛ፣ ድምፃቸውም ለስለስ ያለ ጭውጭውታ ሲሆን ነገሩ እንደሚገባው ነው። ምሽት ላይ ጥቂቶቹን አንሥቼ ከአንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት እዳብሳለሁ፤ ሞልቶ ለስለስ ካለ በልተዋል ጠጥተዋልም፤ ሞልቶ ከጠጠረ ውኃ አላገኙም።

መብራት ሲጠፋ የሚያድነኝ የሣር ሣጥን ነው። ይህ የግብርና ባለሙያዎች ለብዙ ዘመን ሲያስተምሩት የኖሩት ዘዴ ሲሆን፣ በዙሪያው ደረቅ ሣር የታጨቀበት፣ ክዳኑም አየር የሚያስተላልፍ ሣጥን ውስጥ ጫጩቶቹ በገዛ ገላቸው ሙቀት ተሟሙቀው እንዲያድሩ ያደርጋል። ከሰል አንድዶ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥን ግን አልመክርም፤ ጭሱ ባይታይም መርዙ ጫጩትንም ሰውንም ይገድላል። በተጨማሪም የማሳደጊያውን ማዕዘኖች ሁሉ በካርቶን ክብ አድርጌአለሁ፤ ምክንያቱም የደነገጠ መንጋ ወደ ማዕዘን ይሮጥና ከሥር ያሉት ታፍነው ይሞታሉ።

ጥቂቶቹን ጫጩቶች ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ሰጥቼ የሞከርሁት በጎረቤቴ ምክር ነው። እንቁላል ታቅፋ የሰነበተችውን ዶሯቸውን ሲያውሱኝ፣ «ልጄ፣ በቀን ብትሰጣት ነክሳ ትገድላቸዋለች፤ ማታ በጨለማ ከሥሯ ሻጥላት፤ ሲነጋ የወለደቻቸው ይመስላታል» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ሲነጋም እየጠራች ጥሬ ታስለቅማቸው ነበር። ከእርሷ ጋር ያደጉት ጫጩቶች ከአምፖል ሥር ካደጉት በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ከሰማይ ጭልፊት ሲያንዣብብ የምታሰማው ድምፅና ድመት ሲመጣ የምታሰማው ድምፅ የተለያዩ ናቸው፣ ጫጩቶቹም ለመጀመሪያው ቁጥቋጦ ሥር ገብተው ዝም ይላሉ፣ ለሁለተኛው አንገታቸውን አስግገው ይሸሻሉ። በአምፖል ያደጉት ግን ሜዳ ላይ እንደቆሙ ይቀራሉ። ለሁሉም የምትበቃ እናት ስለማይገኝ ሌሎቹን ላባቸው እስኪሞላ ድረስ በመረብ በተሸፈነ ግቢ ብቻ አወጣቸዋለሁ።

የመንጋው ጠባይ በእውነት የሚፈትነው ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ነው። ወንዶቹ ደረት ለደረት እየተጋጠሙ ማን ከማን እንደሚበልጥ መለየት የሚጀምሩት በዚያ ጊዜ ነው። ዶሮዎች እንዲህ ያለ ደረጃ እንዳላቸው በጥናት የገለጸው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ ሲሆን ጽሑፉ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የጎጃም ባለዶሮ ግን ነገሩን ከቆጡ ላይ ያውቀዋል፣ ከፍ ካለው እንጨት ላይ የሚያድረው ማን እንደሆነ በየማታው ያያልና። ይህ ፍጥጫ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ደረጃው ከተለየ በኋላ መንጋው ይረጋጋል። አዲስ ዶሮ በመካከል ማስገባት ወይም መንጋውን ደጋግሞ መቀላቀል ጠቡን እንደገና ስለሚያስነሣው፣ በአንድ ቀን የገቡትን በአንድ ላይ አሳድጌ በአንድ ላይ አስወጣለሁ።

ክፉው ላባ መነጫጨት ነው፤ ይህ ከደረጃ ጠብ የተለየ ሲሆን የሚጀምረው ከጅራት ሥር ነው፤ አንድ ጊዜ ደም ከታየ መንጋው ሁሉ በዚያው ላይ ይረባረባል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ጥበት፣ የበዛ ብርሃን፣ የፕሮቲን ወይም የጨው ማነስ፣ አለዚያም ሥራ ፈትነት ነው። ስለዚህ የቆሰለውን ወዲያው ለይቼ፣ መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ በከፊል ጋርጄ፣ ጎመን በገመድ አስሬ ዶሮዎቹ ለመንቆር ትንሽ እንዲዘሉ በሚያስገድድ ከፍታ ላይ እሰቅላለሁ። ከሁሉም በላይ ግን የሚረዳው ስፋት ነው። ለፈጣኖቹ የሥጋ ዶሮዎች በካሬ ሜትር 10 ያህል ይባላል፤ እኔ ቀን ቀን ወደ ግቢ ቢወጡም ለሳሶ ከስምንት አላሳልፍም። መመገቢያውንና መጠጫውንም በአንድ ቦታ አልሰበስብም፤ አንዱ ኃይለኛ አውራ አጠገቡ ቆሞ ደካሞቹን ሲከለክል በአንድ መንጋ ውስጥ ወፍራምና ከሲታ ዶሮ ይገኛል። ክብደታቸው እንደተለያየ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ መኖው ሳይሆን ስለ መመገቢያው ቁጥር ነው።

ስለ መኖው፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ፕሮቲኑ ከ20 እስከ 22 በመቶ የሆነ የተዘጋጀ የጫጩት መኖ እገዛለሁ፤ በዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ከዚያ በኋላ ከቡሬና ከደምበጫ በኩል የሚመጣውን በቆሎ አስፈጭቼ፣ ከፉርሽካ፣ ከኑግ ፋጉሎና ከመተከል በኩል ከሚመጣ አኩሪ አተር ጋር እቀላቅላለሁ። አኩሪ አተሩ መቆላት አለበት፤ ጥሬው የፕሮቲን መፈጨትን የሚከለክል ነገር አለበት። ጨው ለመቶ ኪሎ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። የሻገተ በቆሎ ቢረክስም አልገዛም።

ከበሽታዎቹ ሁሉ የሚያስፈራው ፈንግል ነው፤ ሲገባ ጓሮን ባዶ አድርጎ ይወጣል። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ ተቋም ይመረታል፤ የመጀመሪያው በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ላሶታ የሚባለው ደግሞ ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ በውኃ ይሰጣል፤ በመካከሉ ጉምቦሮ ለተባለው ሌላ የዶሮ በሽታ የሚሰጥ ክትባት አለ። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ የማይቆይ በመሆኑ ከጎረቤቶቼ ጋር ቀን ቆርጠን በጋራ እንገዛለን። በውኃ ሲሰጥ የቧንቧው ክሎሪን ሕያው ክትባቱን ስለሚገድለው የምንጭ ውኃ አስመጣለሁ፤ አስቀድሜም ለሁለት ሰዓት ያህል አስጠማቸዋለሁ። እዚህም ደረጃቸው ይታያል፤ የበላዮቹ ጠጥተው እስኪጠግቡ ደካሞቹ ስለማይቀርቡ፣ መጠጫዎቹን በዚያ ቀን በእጥፍ እጨምራለሁ።

ሌሊቱን የምፈራው ሸለምጥማጥን ነው፤ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ ከሚበላው በላይ ይገድላል። ስለዚህ ቤቱን ዓይነ ጠባብ በሆነ የሽቦ መረብ ዘግቻለሁ፤ ቆጡንም ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ አድርጌ፣ እግራቸው ሳይጎዳ የከበደው ገላቸው እንዲወርድ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ቁመት ሠርቼዋለሁ። እኩል መሆኑ የከፍታ ሽሚያውን ቀንሶታል።

ለሽያጭ የምይዛቸው ሲመሽ ነው፤ ዶሮ በጨለማ ስለማያይ ሳይሯሯጥና ክንፉን ሳይሰብር ይያዛል። ለሚታረዱት ከእርዱ በፊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል መኖ እከለክላለሁ፣ ውኃ ግን አልከለክልም። ከፋሲካ የተረፈ ቢኖርም አያስጨንቀኝም፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ገዥ ይገኛል። ከአሥራ አራተኛው ሳምንት በኋላ ግን የሚበላው መኖ ከሚጨምረው ሥጋ ስለሚያይል፣ እስከዚያ ያልተሸጠውን በተገኘው ዋጋ እሸጣለሁ ወይም ለቤት አርደዋለሁ።