ብሬቶንኛን በ«ቤቱ» እና «ቤቷ» ጀመርኩት

የምኖረው ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ብሪታኒ ውስጥ፣ ካምፔር ከተማ ነው። የመንገድ ምልክቶች በፈረንሳይኛና በክልሉ ነባር ቋንቋ በብሬቶንኛ ተጽፈዋል፤ ገበያ ስትወጡ ግን የምትሰሙት ፈረንሳይኛ ነው። በ2024 በተደረገ ጥናት ብሬቶንኛ ተናጋሪው 107,000 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ከእናቱ ጉያ የለመደው ትውልድ እያረጀ ነው። እኔም የተነሳሁት እነዚህን ሰዎች በደንብ ለመስማት ነው።

ብሬቶንኛ ከፈረንሳይኛ ጋር ጎረቤት እንጂ የቅርብ ዘመድ አይደለም። በ5ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ከብሪታንያ ደሴት ባሕር የተሻገሩ ሰዎች ይዘውት የመጡ የኬልቲክ ቋንቋ ነው። የቅርብ እህቶቹ የብሪታንያ ደሴት ቋንቋዎች የሆኑት ዌልሽና ኮርኒሽ ናቸው። አይሪሽ፣ የስኮትላንድ ጌሊክና ማንክስ (የማን ደሴት ቋንቋ) የዚሁ የኬልቲክ ቤተሰብ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው።

ማታ ማታ ኮርስ ገባሁ። ጀማሪውን ሁሉ የሚያስመርረው ነገር ወዲያው መጣ፤ የቃሉ የመጀመሪያ ድምፅ ይለዋወጣል። ቤት «ቲ» ነው። ቤቴ «ማ ዚ»፣ ቤትህ «ዳ ዲ»። «ዚ»ን የሰማ ሰው መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥ አያገኘውም። እኛ «ቤቱ»ንና «ቤቷ»ን በቃሉ ጭራ እንለያለን። እነሱ በቃሉ ራስ ነው የሚለዩት፦ «ኤ ዲ» የእሱ፣ «ኤ ዚ» የእሷ። በጽሑፍ ከሴቷ ፊት «ህ» አለች፤ በንግግር ግን ብዙ ጊዜ አትሰማም። ልዩነቱን የሚሸከመው ያ አንድ ድምፅ ነው።

የእነዚህን ለውጦች ሰንጠረዥ በቃሌ አልያዝኩም። ቤት፣ አባት፣ ራስ (ጭንቅላት) የሚሉትን ሦስት ቃላት መርጬ፣ የእኔ፣ የአንተ፣ የእሱ፣ የእሷ እያልኩ መንገድ ላይ ጮክ ብዬ እደጋግም ነበር። «ኤ ቤን» ራሱ፣ «ኤ ፌን» ራሷ። ምላስ ከለመደ ሕጉ በኋላ ይደርሳል። በብሬቶንኛ የሚያሰራጨውን ሬዲዮ ኬርኔንም ባይገባኝም ከፍቼ እተወዋለሁ።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ግን መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ነበር የሚመልሱልኝ። ምክንያት ነበራቸው። ድሮ ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ተማሪ አንገቱ ላይ ምልክት ይንጠለጠልበት ነበር፤ የሚገላገለው ሌላ የሚናገር ልጅ ሲያስይዝ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው በፈረንሳይኛ ብቻ ማውራት ያዙ። ያንን እፍረት በአንድ ሰላምታ አታነሱትም። ስለ ጓሯቸው ድንች መጠየቅ ስጀምር ነው አፋቸው የተፈታው። አንድ ቀን ወንድምና እህት ከተካፈሉት ውርስ የድንጋዩ ቤት ለማን እንደደረሰ ጠየቅኳቸው። «ኤ ዚ ኤኦ» አሉኝ። ለእህትየው! ከዚያች «ዚ» ሌላ ፍንጭ አልነበረኝም። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ወደ ዌልሽ የዞርኩት ይሄ ከገባኝ በኋላ ነው፤ ለሌላውም የምመክረው ይሄንኑ ነው። ዌልሽ ውስጥ «የእሱ»ም «የእሷ»ም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ቤቱን ከቤቷ የሚለየው አሁንም የ«ቲ» መለወጥ ነው፤ ስለዚህ እጄ ላይ ያለው ቁልፍ ሠራ። አይሪሽ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የእሱ ሲሆን ቃሉ ይለወጣል፣ «አ ሃኽ»፤ የእሷ ሲሆን እንዳለ ይቀመጣል፣ «አ ትያኽ»። በዚያ ላይ ብሬቶንኛ «ፕ» የሚልበት ቦታ አይሪሽ «ክ» ይላል፤ አራት «ፔቫር» መሆኑ ቀርቶ «ካሂር» ይሆናል። ሁለቱን ባንድ ላይ መማር ጆሮ ያምታታል። አይሪሽን ለብቻው ጊዜ ሰጥቼዋለሁ።