የፍሬን ቱቦው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነበር

ደብረ ሲና ገብቼ ሞተሬን ከቆሎ ሻጮቹ አጠገብ ሳቆም የሆነ ነገር ሸተተኝ። "ምን እያረረ ነው?" አለችኝ አንዷ ልትሰፍርልኝ ጣሳዋን እንዳነሳች። እኔ ደግሞ የሷ ገብስ መስሎኝ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳየው የፊት ፍሬኑ ዲስክ፣ ሸራው የሚጨብጠው ብረት ሳህን፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ መትቷል፣ ጠጋ ሲሉት ፊት ይለበልባል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቼ ላዞረው ብሞክር ንቅንቅ የለም። እኔ ፍሬኑን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፣ እሱ ግን አልለቀቀም።

አንድ ልጅ ጀሪካን ይዞ ውሃ ላፍስበት አለኝ። በስንት ልመና አስቆምኩት። የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰበት ሊጣመም ይችላል፣ ምትክ ዲስክ ደግሞ እኔ ከየት አመጣለሁ? ቁጭ ብዬ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እስኪበርድ ጠበቅኩ። ደግነቱ ወደ ደብረ ብርሃን የሚመልሰው መንገድ እስከ ጣርማበር ድረስ ዳገት ነው፣ ፍሬን ብዙ አይፈልግም። በኋላው ጎማ ፍሬንና በማርሽ ብቻ ቤት ገባሁ።

ሞተሬ ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። አጎቴ ድሮ ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ ፈረንጅ ገዝቶት፣ ለዓመታት በረት ውስጥ ዶሮ ሲሰፍርበት ኖሮ እኔ እጅ የገባ። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ ባለ አራት ሲሊንደር ኢንጂንና በዘይት የሚሠራ የፊት ዲስክ ፍሬን ይዞ መጥቶ ጉድ አሰኝቷል። የኔው ከዚያ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ነው። እና እውነቱን ልናገር፣ የፍሬኑን ዘይት የሚያስተላልፉት ቱቦዎች ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠሙለት ናቸው። ነበሩ ማለቴ ነው።

ችግሩ የጀመረው ያን ቀን አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ፍሬን እየያዘ አሰቃይቶኛል። ሸራ ቀየርኩ። ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን አውጥቼ ዝገቱን አጸዳሁ፣ ጎሚኒውን ቀየርኩ። አንድ ሳምንት ደህና ይሆንና ተመልሶ እዚያው ነው። አንድ ጋራዥ ደግሞ ዘይቱን ቀይረን ጨርሰናል ብለው ሂሳብ ተቀበሉኝ፣ ቤት ስደርስ ክዳኑን ብከፍተው ዘይቱ እንደ ሻይ ቅጠል ጥቁር ነው። ይቅር ይበላቸው፣ እኔ ገና አልቻልኩም።

በመጨረሻ ሰፈራችን ያሉ አንድ አሮጌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ግን ሞተር ካዩ እጃቸው አያርፍም።

"ቱቦውን መቼ ነው የቀየርከው?" አሉኝ።

"ቱቦው እኮ ደህና ነው ጋሼ፣ አያፈስም።"

"ስለማያፈስ ነው ደህና ያልከው?"

ከዚያ ያደረጉትን ልንገራችሁ፣ እንደኔ ሁለት ዓመት እንዳታባክኑ። መጀመሪያ ፍሬኑን ጥብቅ አድርገው ያዙና ለቀቁት። ጎማው ተይዞ ቀረ። ቀጥለው ከላይ፣ እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ላይ፣ ቱቦውን የሚይዘውን ቡሎን ትንሽ አላሉት፣ ዘይት ጠብ አለ፣ ጎማው ግን እንደተያዘ ነው። መልሰው አጠበቁት። አሁን ታች ወርደው ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚያስጨብጠው ካሊፐር ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ሩብ ዙር ፈቱ። ፊጭ! ጎማው በጣት ሲነኩት ዞረ።

"አየህ?" አሉኝ። እኔ ምንም አላየሁም። ሲያስረዱኝ ነው የገባኝ። ጥፋቱ ማስተሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ላይኛውን ስናላላ ይለቅ ነበር። ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቆ ቢሆን ደግሞ ታችኛውን ብንፈታም አይለቅም። ታዲያ መሃል ላይ የቀረው ማነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎማ ቱቦ የሚያረጀው ከውጭ ብቻ አይደለም። ውስጡ ያብጣል፣ ቀዳዳው እየጠበበ ይሄዳል። እጃችን ፍሬኑን ሲጨብጥ ጉልበቱ ብዙ ስለሆነ ዘይቱን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ በግድ ያሳልፈዋል። መመለሻው ላይ ግን የሚገፋው ጉልበት የለም፤ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚስበው በዙሪያው ያለው ጎሚኒ ትንሽ ተለጥጦ ሲመለስ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱ ይሄዳል፣ አይመለስም። ሸራው ዲስኩን እያሸ ይቀራል፣ ይግላል፣ ሲግል ዘይቱ ያብጣል፣ የባሰውን ይይዛል። የጃፓን ሞተሮች መመሪያ በየ4 ዓመቱ ቱቦ፣ በየ2 ዓመቱ ዘይት ቀይሩ የሚለው ለዚህ ነው። የኔው ቱቦ ከኔ ይበልጣል በዕድሜ።

እቃ ፍለጋ አዲስ አበባ ወረድኩ። ሶማሌ ተራ የሌለ ነገር የለም ይባላል፣ የኔ ቱቦ ግን የለም። አንዱ ልጅ "ችግር የለም ወንድሜ፣ የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ቱቦ በልክህ ቆርጠን ፕረስ እናደርግልሃለን፣ መቼም አይፈነዳም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግፊቱን ይችላል። ግን የማሽን ቱቦ ጎማው የተሠራው ለማሽን ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት ሌላ ነገር ነው፣ ያንን ጎማ ያሳብጠዋል። ሁለት ዓመት ያንገበገበኝን በሽታ በገንዘቤ ልግዛው? ተውኩት። ውጭ አገር ያለች የአክስቴ ልጅ ስትመጣ በብረት ሽቦ የተጎነጎነ፣ ውስጡ ቴፍሎን የሆነ ጥንድ ቱቦ በልኩ አሠርታ አመጣችልኝ። ልኩን የላክሁላት መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሬ፣ የፊት ሾኩም ሙሉ ተዘርግቶ እያለ በሲባጎ ለክቼ ነው። ያጠረ ቱቦ ሲጠመዘዝ ይወጠራል፣ የረዘመ ደግሞ ጎማ ያሸዋል።

የገጠምኩት ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ቁልፍ በእጅ ሲይዙት ብረት ሳይሆን በረዶ ነው። መጀመሪያ ታንኩን በላስቲክ፣ ከላዩ በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኩ። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ ብርድ ልብስ ብቻውን ደግሞ ጠጥቶ ያስተላልፈዋል።

በቡሎኑ ግራና ቀኝ የሚገቡት የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ቢሆኑ ይመረጣል። ከአዲሶቹ ሁለቱ ጠፉብኝ። አሮጌዎቹን በሽቦ አንጠልጥዬ እናቴ ቡና የምታፈላበት ከሰል ውስጥ ከተትኩ። መዳብ ተጨፍልቆ ይደነድናል፣ ፍም እስኪመስል ግሎ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን መልሶ ይለሰልሳል። እናቴ ጀበናዋን ይዛ መጣች። "አንተ ልጅ፣ በቡና ሰዓት ብረት ትጠብሳለህ?" አለች። ሮንዴላዎቹ ፍም መስለው ሲቀሉ ግን እሷም ቆማ አየች።

አሮጌውን ቱቦ ፈትቼ በቢላ ሰነጠቅሁት። ከውጭ ጥቁር፣ ወዙ እንኳ ያልጠፋ። ከውስጥ ግን ግድግዳው እንደ ረጠበ ሊጥ አብጦ መሃሉ ላይ የቀረው መርፌ የማያስገባ ስንጥቅ ነው። ጣቴን ሳሻሸው ጥቁር ጭቃ ወጣ። ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው፣ ምንም አላሉም፣ ሳቁ ብቻ።

ቀሪው አየር ማስወጣት ነው፣ እሱ ነው ወገብ የሚቆርጠው። ባዶ ቱቦ ላይ ፍሬኑን ከላይ እየጨበጡ ዘይት ማውረድ ቀኑን ይፈጃል፣ አየር ወደ ላይ መውጣት ነው የሚፈልገው፣ እኛ ወደ ታች እንገፋዋለን። ስለዚህ ትልቅ ስሪንጅ ዘይት ሞልቼ ከታች በአየር ማስወጫው በኩል ወደ ላይ ገፋሁት። አረፋው ማስተሩ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። (ማስተሩ ሞልቶ እንዳይፈስ ሰው አቁሙበት።) የቀረችውን ትንሽ አየር ለማስወጣት ደግሞ ማታ የፍሬኑን እጀታ በካላማዳሪያ ቁራጭ ጨብጬ አስሬ አደርኩ። ጠዋት ስፈታው እጀታው እንደ ድንጋይ ጠንክሯል።

ዘይቱ ከአዲስ፣ ካልተከፈተ ጣሳ የተቀዳ፣ ዶት 4 የሚባለው ደረጃ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ደረቅ እያለ ቢያንስ 230 ዲግሪ የሚችለው እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ሲፈላ ደግሞ እንፋሎት ይሆንና እጀታው ባዶ ይገባል። በኛ ከፍታ ደግሞ ማንኛውም ፈሳሽ ቶሎ ነው የሚፈላው፤ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ባቄላ ለማብሰል ከሰል የምንጨርሰው ለዚህ አይደል? ከጣርማበር ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት 1 ሺህ 300 ገደማ ለሚወርድ ሰው ይህ ወሬ አይደለም።

መንገዱ ሰላም ነው በተባለበት ቀን ወጣሁ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ በቀስታ፣ ከዚያ እስከ ጣርማበር፣ ዋሻውን አልፌ ቁልቁል፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይዤ ፍሬኑን አልፎ አልፎ እየነካሁ። ደብረ ሲና ስደርስ ወርጄ ከሁሉ በፊት የፊት ጎማውን አንስቼ በጣቴ ገፋሁት። ዞረ፣ ዞረ፣ በራሱ ጊዜ ቆመ። ቆሎ ሻጯ አስታወሰችኝ። "ዛሬስ አላረረም?" አለች። ሁለት ጣሳ ገዛኋት።

የኋላው ፍሬን ከበሮ ነው፣ በብረት ዘንግ ነው የሚጎተተው። ቱቦ የለውም፣ እግዜር ይስጠው።