ወጡ ቅዳሴውን እንዳይወስድብን፦ የገና ዝግጅት በአሜሪካ

ልደትን ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀረን ብዙ ጊዜ የራሳችን ምድጃ ነው። በዋዜማው ሽንኩርት ሲከተፍ ይመሻል፤ ወጥ የሚሠራው ሰው ደክሞ ከቅዳሴ ይቀራል፤ ልጆችም በዓሉን በዶሮ ወጥ ብቻ ያውቁታል። ስለዚህ እኔ ዝግጅቱን የምጀምረው ከመጨረሻው ነው። ታኅሣሥ 28 ማታ ሁላችንም እጃችን ከሥራ ተፈትቶ ነጠላችንን ለብሰን እንድንወጣ ምን በየትኛው ቀን ማለቅ እንዳለበት ወደ ኋላ እየቆጠርኩ አሰላለሁ። (በዘመነ ዮሐንስ፣ ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም.፣ ልደት በታኅሣሥ 29 ፈንታ በ28 ስለሚውል፣ ከጥምቀት ዋዜማ በቀር እዚህ የምጠቅሰው የኢትዮጵያ ቀን ሁሉ በአንድ ይቀድማል።)

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ይገባል። ታንክስጊቪንግ በአብዛኛው ጾሙ ከገባ በኋላ ስለሚውል፣ የጠራንን ሰው ከሳምንት በፊት እንነግረዋለን፤ ምስር ወጥና ጎመንም ሠርተን ይዘን እንሄዳለን። ማዕድ ላይ ተቀምጦ «ይህን አልበላም» ማለት ጋባዡንም ልጆቹንም ያሳቅቃል።

በጾሙ በየምሽቱ ከልጆች ጋር የሚደረገውን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ከእራት በፊት አድርጉት። ከእራት በኋላ ከሆነ ትንንሾቹ ይተኛሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ አንድ ትንቢት ይነበባል፣ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፣ በአባታችን ሆይ ይዘጋል። ከማቴዎስ የትውልድ ሐረግ መጀመር ልጆችን ያሰለቻል። ዘፍጥረት 3 ይሻላል፤ አዳም ለምን አዳኝ እንዳስፈለገው ያልገባው ልጅ ልደቱን እንዴት ይጠብቃል? ከዚያ ዘኍልቍ 24፥17፣ ኢሳይያስ 7፥14 እና 9፥6፣ ሚክያስ 5፥2 ይከተላሉ። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስቱ እሑዶች ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ስለሆኑ የየሳምንቱን ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር ጥቅስ) በቃል እናስጠናለን፦ «ፈኑ እዴከ እምአርያም»፣ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ»። ልጁ እሑድ ዲያቆኑ ያንኑ ቃል ሲያዜም ሲሰማ ቅዳሴው የሱም ይሆናል።

ዲሴምበር 25 ታኅሣሥ 16 ነው፤ ጾሙ ገና አላለቀም። ቀኑን በልጆች ፊት ማጣጣል አልወድም። ሌሎች ክርስቲያኖች በራሳቸው አቆጣጠር ያንኑ ጌታ እያሰቡ መሆኑን እንነግራቸዋለን፤ የእኛ ስጦታ ግን የሚከፈተው ጃንዋሪ 7 ነው። ለትምህርት ቤት ድግስ የምስር ሳምቡሳ እንልካለን። ምስሩ ሳይፈርስ ይቀቀል፤ በደንብ ይጠንፈፍ፤ ቀዝቅዞ ይጠቅለል። እርጥብ ከሆነ ሊጡ ዘይት ውስጥ ይቀደዳል። ለጃንዋሪ 7 የሥራና የትምህርት ቤት ፈቃድም በዲሴምበር መጀመሪያ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የክረምቱ ዕረፍት ያኔ ብዙውን ጊዜ አልቋል።

ከሥጋና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ በየሳምንቱ ለብቻው ይቀመጥ። አገር ቤት ለሚላክለት ሰው እስከ ታኅሣሥ 20 ይድረሰው፤ በዋዜማው ከደረሰ ገበያው ተወዶ ይጠብቀዋል። ለመቁረብ ያሰበም ንስሐ አባቱን ቀደም ብሎ ያግኝ፤ በመጨረሻው ሳምንት ካህናቱ ፋታ የላቸውም። ቁርባኑ ሌሊት 8 ሰዓት ግድም ቢሆን፣ ከቁርባን በፊት የሚጾመው 18 ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጠር የ28 ጠዋት ላይ ያደርሰናል። እንግዲህ የመጨረሻው ምግብ የ27 እራት ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምድጃው። የዶሮ ወጥ ቁሌት ሽንኩርት፣ በርበሬና ዘይት ብቻ ስለሆነ የጾም ነው። ታኅሣሥ 26 ይሠራል። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፋል፤ ያለ ዘይት በመለስተኛ እሳት፣ ውኃው እስኪመጥና እስኪልም ድረስ 45 ደቂቃ ያህል ይቁላላል። ከዚያ አንድ ኩባያ ዘይት፣ ቀጥሎ አንድ ኩባያ ተኩል በርበሬ ይገባል፤ ውኃ ጠብ እየተደረገበት ከአንድ ሰዓት በላይ ይብሰል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወደ መጨረሻው ይጨመራል። ሽንኩርቱ ሳይበስል በርበሬ ከገባ ወጡ ውኃና ዝቃጭ ሆኖ ይለያያል፤ በርበሬው ካረረ ደግሞ ይመራል፣ ምንም አይመልሰውም። ጨውም አሁኑኑ ይስተካከል። ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ።

ዶሮው በ27 በ12 ብልት ይወጣና በሎሚና በጨው ታጥቦ ይቀመጣል፤ እንቁላሉም ያኔ ይቀቀላል። እንጀራውን ከሱቅ በ28 ጠዋት እናመጣለን። ከሰዓት በኋላ ምድጃ አይለኮስም፤ ልጆቹ ይተኛሉ፣ ትልልቆቹም ጋደም ይላሉ። ሳይተኙ የመጡ ልጆች «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» በሚባልበት ሰዓት አንቀላፍተው ይገኛሉ፤ ያሳዝነኛል፣ ከሌሊቱ ሁሉ እንዲያዩ የምመኘው እሱን ነውና።

ከቅዳሴ ስንመለስ ቁሌቱ ይሞቃል፤ አንድ ኩባያ ንጥር ቅቤና ዶሮው ገብተው 45 ደቂቃ ይበስላሉ፤ እንቁላሉና መከለሻው ሊወጣ ሲል ይጨመራሉ። ወጡ እስኪደርስ ጸሎት አድርሰን ሉቃስ 2 እናነባለን። ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ከስድስት ሳምንት ጾም በኋላ ቅቤ ሆድ ስለሚረብሽ ለልጆች በመጀመሪያው ማዕድ ጥቂት ይሰጣቸው፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ደግመው ይበላሉ። የምሽቱ ንባብ ግን ያን ቀን አይቆምም፤ የሰብአ ሰገል፣ የእረኞች፣ ወደ ግብፅ የመሰደድ ታሪክ እየተነበበ እስከ ጥምቀት ዋዜማ፣ እስከ ጥር 10 ይቀጥላል።