ባዶ የተመለሰው አገልግል

ሰላም ለሁላችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጠፋሁ አይደል፣ እውነቱን ለመናገር የምፅፍበት አቅም አልነበረኝም። ባለቤቴ ከስራ ከተቀነሰ 7 ወሩ ነው፣ ሲቪ ያላስገባበት የለም፣ ኢንተርቪው ይጠሩትና "እንደውልልሃለን" ይሉታል በቃ። እኔ ደሞ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ኩሽና ገብቼ ቁጭ እላለሁ፣ የምገባው ልፀልይ ነው ግን አፌን ስከፍት የሚመጣልኝ የቤት ኪራይ ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው፣ ዘይት ነው።

ባለፈው ሳምንት የእማዬን ሻንጣ ሳገላብጥ (ካረፈች 3 አመቷ ነው) ከነጠላዋ ስር አንድ ደብተር አገኘሁ። ጠርዙ የተበላ፣ በእርሳስ የተፃፈ፣ አንዳንዱ ገፅ ዘይት ነክቶት ፊደሉ የማይለይ። በደርግ ጊዜ አባዬ "ጴንጤ ነህ፣ ግራ እጅህን አንስተህ መፈክር አታሰማም" ተብሎ ታስሮ ነበር፣ ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፣ እማዬ ያኔ በየቀኑ ትፅፍ እንደነበር ግን ማናችንም አናውቅም። ደሞ ብዙም አትፅፍም እኮ፣ ቀኑን ታስቀምጥና ከስሩ "አገልግሉ ባዶ ተመለሰ። ተመስገን።" በማግስቱም "ባዶ ተመለሰ። ተመስገን።" ገፁን ስገልጥ እንደዛው፣ ደግሜ ስገልጥ እንደዛው።

መጀመሪያ አልገባኝም። ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩላት፣ ትንሽ ዝም አለችና "በልቶታል ማለት ነዋ፣ በህይወት አለ ማለት ነው" አለችኝ። በዛን ጊዜ ስንቅ ይዘሽ ሄደሽ ምግቡ ሳይነካ ከተመለሰልሽ ወይ "ከዛሬ በኋላ ስንቅ አታምጪ" ከተባልሽ አለቀ፣ ስንት ቤተሰብ መርዶውን በዚህ ነው የሰማው። እማዬ ፊቱን ማየት አትችልም ነበር፣ የምታየው የአገልግሉን ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱን እያየች ነው "ተመስገን" የምትለው።

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዛ መፅሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩ። አቤንኤዘርን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በየቸርቹ ስንት ልጅ በዚህ ስም ይጠራል፣ 1ኛ ሳሙኤል 7፣ ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ "እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል" ብሎ የሰየመው፣ "የእርዳታ ድንጋይ" ማለት ነው። ምዕራፍ 4ን ግን ከሱ ጋር አያይዤ አንብቤው አላውቅም ነበር። እስራኤል በፍልስጥኤማውያን ሲመታ የሰፈረው የት ነው? አቤንኤዘር! መጀመሪያ 4 ሺህ የሚያህል ሰው ሞተ፣ ታቦቱን አምጥተው ደግመው ሲገጥሙ 30 ሺህ እግረኛ ወደቀ፣ ታቦቱ ተማረከ፣ የካህኑ የዔሊ ሁለቱ ልጆች ሞቱ፣ ዔሊም ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ወድቆ ሞተ፣ ምራቱ በዛው ቀን የወለደችውን ልጅ ክብር ከእስራኤል ለቀቀ ብላ ኢካቦድ አለችው። ሳሙኤል ከስንት አመት በኋላ ድንጋይ አቁሞ የሰጠው ስም ያ ሰው ሁሉ ያለቀሰበት ስም ነው።

እኛ ምስክርነት ስንሰጥ ያለቀለትን ብቻ የማውራት ነገር አለብን፣ ቪዛው ተመታ፣ ልጁ ተወለደ፣ ብድሩ ተከፈለ፣ እሰየው ነው፣ መሃል ላይ ያለ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ሲሰማ እኔን ረስቶኛል ማለት ነው ይላል፣ እኔ ራሴ ስንት እሁድ እንደዛ ብዬ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። እማዬ ግን ባሏ ገና እዛ ውስጥ እያለ ነው የፃፈችው።

እኔስ ምን አለኝ ብዬ በዚህ 7 ወር ውስጥ የሆነውን ማሰብ ጀመርኩ፣ እና በጣም የገረመኝ ስንቱን ረስቼዋለሁ! አከራያችን እትዬ ከሁለት ወር በፊት በራችንን አንኳኩተው ሊያስወጡን ነው ብዬ ልቤ ሲመታ "ልጄ፣ ሲሞላላችሁ ትሰጡኛላችሁ፣ ለሱ ብለሽ እንቅልፍ እንዳታጪ" ብለውኝ ነው የሄዱት። ረስቼዋለሁ። ያን ሌሊት እኮ እስኪነጋ ተኝቻለሁ።

የእማዬ ደብተር መጨረሻው ገፅ ላይ "ዛሬ አገልግሉን ራሱ ይዞት መጣ" ይላል። ከዛ በኋላ ያለው ወረቀት ባዶ ነው። እኛ ገና እዛ ገፅ ላይ አልደረስንም፣ ዛሬ ጠዋትም የደወለልን የለም። ትላንት ማታ ኩሽና ቁጭ ብዬ እርሳስ አነሳሁና ከሷ ፅሁፍ ቀጥሎ ባለው ገፅ ላይ ቀኑን አስቀምጬ ፃፍኩ፦ "ሽሮ ነበር፣ ልጆቹ በልተው ተኙ። ድስቱ ባዶ ነው። ተመስገን።"