ከቤት አውጣኝ ብዬ የለመንኩት ጌታ

እግዚአብሔር ጸሎቴን ሰምቶኛል፤ የመለሰልኝ ግን እኔ ባሰብኩት መንገድ አይደለም። «ከዚህ ቤት አውጣኝ፣ ሥራ ስጠኝ፣ እኔም እንደ ሰው ልቆጠር» እያልኩ ለብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ። ዛሬም የምውለው በዚያው ቤት ነው። ነፃ ወጥቻለሁና ግን ልመሰክር ይገባኛል።

ከመውለዴ በፊት የሂሳብ ባለሙያ ነበርኩ። ልጆቻችን ተከታትለው ሲወለዱ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን እኔ ቤት ቀረሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ባለቤቴም አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ሆኖም ወራት ባለፉ ቁጥር ውስጤ እየደረቀ ሄደ። ያጠብኩት ልብስ ማታውኑ ይቆሽሻል፤ የጠረግኩት ወለል በማግስቱ እንዳልተጠረገ ይሆናል። መሥሪያ ቤት ሳለሁ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ የማስረክበው መዝገብ ነበረኝ፤ እዚህ ግን «ይኸው፣ ይህን ሠራሁ» የምለው ነገር አጣሁ። ሰው በተሰበሰበበት «አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ «ምንም፣ ቤት ነኝ» እላለሁ፤ ደጋግሜ ስናገረው እኔም አመንኩት። የልጄን የትምህርት ቤት ቅጽ ስሞላ የእናት ሥራ የሚለውን ቦታ ባዶ ተውኩት። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የቀድሞ ባልደረባዬ ዕድገት አገኘች ሲባል ደስ ሊለኝ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ።

ያደግኩት በክርስቲያን ቤት ነው፤ መዝሙሩንም ጥቅሱንም አውቃለሁ። ነገር ግን እግዚአብሔር የሚመለከተው በአደባባይ የሚሰብኩትንና የሚዘምሩትን እንጂ በወጥ ቤት ያለችውን እኔን አይመስለኝም ነበር።

አንድ ሌሊት ትንሹን ልጅ አስተኝቼ፣ እኔን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ የዮሐንስን ወንጌል ገለጥኩ። ምዕራፍ 21 ላይ ደረስኩ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ መረቡን፣ ንጋት ላይ በጌታ ቃል የተያዘውን 153 ዓሣ፣ ጴጥሮስ ራሱን ወደ ባሕር መጣሉን። ያን ሌሊት ግን ዓይኔ ያረፈው በዳርቻው ባለው ፍም ላይ ነው። ዓሣ ተቀምጦበታል፤ እንጀራም አለ። ይህን ያሰናዳው ማን ነው? ሞትን ድል አድርጎ የተነሣው ጌታ ነው! ችንካር ያለፈባቸው እጆች እሳት አቀጣጥለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ባዶ እጃቸውን ለቀሩ ሰዎች ቁርስ አዘጋጁ። ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስም በማዕዱ አለ። ጌታም አስቀድሞ አበላው፤ «ትወደኛለህን?» ብሎ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነው። ከመቃብር የተነሣ ንጉሥ ሊሠራው የሚችለው ስንት ታላቅ ነገር ነበር! እርሱ ግን የተራቡትን አበላ።

ከዚያ በፊት የማለቅሰው ለራሴ አዝኜ ነበር። ያን ሌሊት ያለቀስኩት ግን ፍቅሩ ገብቶኝ ነው። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ይህን ሥራ ካልናቅኸው እኔንም አልናቅኸኝም። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ የአንተ ነኝ» አልኩት። እስከዚያች ሌሊት የወላጆቼ አምላክ የነበረው የእኔ አምላክ ሆነ።

ፈውሱ ግን ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ሉቃስ እንደሚነግረን ኢየሱስ ማገልገል ሲጀምር ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ነበር። ከዚያ በፊት ስላለፉት ዓመታት የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ በናዝሬት፣ በቤት ውስጥ፣ ለወላጆቹ እየታዘዘ አደገ። በዮርዳኖስ «የምወድህ ልጄ አንተ ነህ» የሚለው የአብ ድምፅ የመጣው ገና በሕዝብ ፊት አንድም ስብከት ሳይሰብክ ነው። ይህን ሳነብ የልቤ ቋጠሮ ተፈታ። እኔም በልጁ የተወደድኩ ከሆንኩ፣ ለመወደድ የማስረክበው መዝገብ አያስፈልገኝም።

ኢየሱስን በቤቷ ተቀብላ በአገልግሎት ብዛት ስለ ባከነችው ስለ ማርታ ብዙ ጊዜ በስብከት ሰምቻለሁ፤ ሁልጊዜም ከወጥ ቤት ሥራ የሚያርቅ ምሳሌ ተደርጋ ስትቀርብ ነው። እኔ ግን ወንጌሉን ደጋግሜ ሳነብ ጌታ የገሠጸው ጭንቀቷንና መታወኳን እንጂ ማገልገሏን ሆኖ አላገኘሁትም። በዮሐንስ 11 «አንተ ክርስቶስ፣ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆንህ አምናለሁ» ብላ የመሰከረችው ይህችው ማርታ ናት። በምዕራፍ 12 ላይም እራት ሲዘጋጅ እንደገና ታገለግላለች፤ በዚያን ጊዜ ተግሣጽ የለም። ይህን የሚያነሳልኝ ሰባኪ ለምን እንዳላገኘሁ አሁንም ይገርመኛል።

ጳውሎስም «ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉት በትጋት አድርጉት» የሚለውን ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ በቀጥታ የሚናገረው ለባሪያዎች ነው። ደመወዝም ምስጋናም የማያገኙ ሰዎች የጌታ ርስት ተካፋዮች ተባሉ። ከ1669 እስከ 1742 በእንግሊዝ የኖረችው፣ የሜቶዲስት ንቅናቄን የመሠረቱት የጆንና የቻርልስ ዌስሊ እናት ሱዛናም ትታወሰኛለች። 19 ልጆች ወልዳ ዘጠኙን በሕፃንነታቸው ቀበረች፤ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ሽርጧን በራሷ ላይ ጥላ ትጸልይ እንደነበር ይነገራል። እኔም ዕቃ ሳጥብ መጸለይን ተማርኩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ፣ በተራ።

ይህን ስል እህቶቼ ሥራቸውን ይተዉ ማለቴ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ የምናነባት ልድያ ሐምራዊ ግምጃ ትሸጥ ነበር፤ ጌታም ልቧን ከፈተላት። ይህን ምስክርነት ይዞ ሚስቱን ያለ ፈቃዷ ቤት ሊያስቀር የሚያስብ ባል ቢኖር፣ የእኔን ቃል ምክንያት አያድርገው። እኔም ልጆቼ ሲያድጉ ወደ ሙያዬ እመለስ ይሆናል፤ ያን የሚያውቀው ጌታ ነው። ብመለስም ሰው ለመባል ብዬ አይሆንም።

አሁን እንቅልፌ ተመልሷል። በቀጣዩ ዓመት ቅጹን ስሞላ «የቤት እመቤት» ብዬ በሙሉ ልብ ጻፍኩ። ያቺ ባልደረባዬም በቅርቡ ሌላ ዕድገት አገኘች። ዜናውን የሰማሁ ዕለት ራሴ ደውዬ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት፤ ብዙ አወራን፣ ስለ ሥራዋ ጫናም በስልክ አብረን ጸለይን። ያ ቅናት የት እንደ ገባ አላውቅም፤ የወሰደውን ግን አውቀዋለሁ። ስሙ ይባረክ።