አንድ የገጠር ሹም፣ ጸሐፊዋ ልጁ እና የእኔ ጀርመንኛ

ጀርመንኛ እየተማርኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሼ ሦስተኛው ላይ ቆምኩ። ችግሩ መማሪያው ነው። እዚያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁልጊዜ ባቡር ጣቢያ ናቸው። ትኬት ይገዛሉ፣ ባቡሩ ይዘገይባቸዋል፣ ቡና ይጠጣሉ። ሰለቸኝ። መስከረም ላይ ለራሴ አንድ ሥራ ሰጠሁት፦ አንድ ሰው መርጬ ከልደቱ እስከ ሞቱ በጀርመንኛ አነባለሁ፤ በቀን አንድ ገጽ፣ የገባኝን በአማርኛ ደብተር ላይ።

የመረጥኩት ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ራይፋይዘንን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማህበር ጸሐፊ ነኝ፤ ደሞዝ የሌለው፣ ወቀሳ ግን የማይጠፋበት ሥራ። አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ የዚህን ሰው ስም ጠርቶ «የገጠር ቁጠባና ብድር ማህበር አባት» ብሎ አለፈ። አባት የተባለውን ሰው ልጆች ማወቅ አማረኝ።

መስከረም

የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሰውየው የተወለደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1818 ነው። ወደ እኛ ስመልሰው መጋቢት 22 ቀን 1810 ሆነ። ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ይህን ሳስበው ሩቅ የነበረው ዘመን ቅርብ መሰለኝ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።)

የትውልድ መንደሩ ሐም ትባላለች፤ ዚግ ወንዝ ዳር ናት። አካባቢው ቬስተርቫልድ ይባላል። ብርዳማ፣ ጭንጫ፣ ደሃ አገር ነበር። ለቤቱ ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ነው። አባቱ ገበሬም ነበር፣ ለጥቂት ጊዜ የሐም ሹምም ሆኗል። ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ግን አባትየው ታሞ ቤቱ ተቸገረ። ያሳደገችው እናቱ ናት። ለከፍተኛ ትምህርት ገንዘብ ስላልነበረ የመንደሩ ቄስ አስተማሩት። የኔታ በሉት ብቻ!

በ17 ዓመቱ ውትድርና ገባ። በ1843 ዓይኑ ታሞ ከሠራዊቱ ወጣ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ብዙም ልብ አላልኳትም። በኋላ የታሪኩ ሁሉ መዞሪያ ሆና ተገኘች።

ጥቅምት

አንድ ወር ሙሉ አንድ ቃል ላይ ተጣበቅሁ። ቡርገርማይስተር። መዝገበ ቃላቱ «ከንቲባ» ይላል። ከንቲባ ስትሉኝ እኔ የሚታየኝ ከተማ፣ አስፋልት፣ የሚመረቅ ፏፏቴ ነው። ይህ ሰው በ1845፣ በ26 ዓመቱ፣ የተሾመባት ቫየርቡሽ ግን በዙሪያዋ ብዙ መንደሮች ያሉባት የገበሬ አገር ናት። ጭቃ ሹም ልበለው? ጭቃ ሹም የራሱ ርስት ያለው የአገሩ ሰው ነው። ይህ ግን ከመንግሥት ተሹሞ ከሌላ አገር የመጣ ነው። ወረዳ ገዥ? ትንሽ ከበደኝ። በመጨረሻ ደብተሬ ላይ «የገጠር ሹም» ብዬ ተገላገልኩ። የተሻለ ያላችሁ ንገሩኝ።

በዚያው ዓመት የሬማገን ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ልጅ የሆነችውን ኤሚሊ ሽቶርክን አገባ። ሰባት ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱ በልጅነታቸው ሞቱ። የመጀመሪያዋ አማሊ በ1846 ተወለደች። ስሟን ያዙልኝ።

ኅዳር

አሁን አሮጌ ጽሑፍ ልሞክር ብዬ ጉድ ሆንኩ። የዚያ ዘመን ሕትመት ፊደሉ ሌላ ነው፤ ጠማማና ቀንዳም። ረጅሙ «ኤስ» ቁርጥ «ኤፍ» ነው የሚመስለው። አንዱን ቃል ግማሽ ሰዓት መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ለካ ሁለት ጊዜ «ኤፍ» ብዬ ያነበብኩት ሁለቱም «ኤስ» ነበሩ። አጻጻፉም ተቀይሯል። ያኔ «ሁልፍ» ብለው ይጽፉት የነበረው ዛሬ «ሂልፍ» ነው፤ እርዳታ ማለት ነው። ለጀማሪ የምመክረው፦ ፊደሉን በእጃችሁ ኮርጁት። ማየት ብቻውን አይበቃም። እኔ አንድ ሳምንት እንደ ሕፃን ፊደል ስቆጥር ከረምኩ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኔ ራሱ ለመደ።

ታኅሣሥ

የዳቦው ታሪክ። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ ማንበብ የጀመርኩበትን ቀን አስታውሳለሁ።

1846 ላይ ድንቹ በበሽታ፣ እህሉም በአየር ጠባይ ተበላሸ። ክረምቱ ረሃብ ሆነ። አካባቢውን ያኔ የሚገዛው የፕሩሲያ መንግሥት ዱቄት ላከ። ትእዛዙ ግን «በጥሬ ገንዘብ ብቻ ይሸጥ» የሚል ነበር። የራበው ሰው ጥሬ ገንዘብ ከየት ያምጣ? ወጣቱ ሹም ትእዛዙን ጥሶ በዱቤ አደለ። ከዚያ የተሻለ ያላቸውን ሰዎች ሰብስቦ ገንዘብ እንዲያዋጡ አደረገ። በዚያ እህል ተገዛ፣ የጋራ መጋገሪያ ተሠራ፣ ዳቦው በገበያው ዋጋ ግማሽ ገደማ ተሸጠ። የማህበሩ ስም የቫየርቡሽ የዳቦ ማህበር።

መጋገሪያውን አስቡት። የእኛ ሰው ዕድር ሲያቋቁም መጀመሪያ የሚገዛው ድስትና ድንኳን ነው። እነዚህም መጀመሪያ የሠሩት ምድጃ ነው።

ሰውየው በዚያ ብቻ አልቆመም። ትምህርት ቤት አሠራ። ገበሬው ምርቱን ወደ ራይን ወንዝ ገበያ እንዲያወርድ መንገድ አስወጣ። በ1848 ፍላመርስፌልድ ወደምትባል ቦታ ተዛወረ፤ እዚያ ያገኘው ችግር ደግሞ የላም ሆነ። ደሃው ገበሬ ላም በዱቤ ይወስዳል። አንድ ክፍያ ሲያልፈው አራጣ አበዳሪው ላሚቱን ይነዳል፤ እስከዚያ የተከፈለው ይቀልጣል። በ1849 60 ያህል ባለጸጎች ተጠያቂነቱን በጋራ ወስደው አንድ ማህበር ቆመ። ማህበሩ ላም እየገዛ ለገበሬው ይሰጣል፣ ገበሬው በአምስት ዓመት ከፋፍሎ ይከፍላል። የአምስት ዓመቱን ስሌት ለብቻዬ ወረቀት ላይ ሠራሁት፤ ጥጃውና ወተቱ ዕዳውን ለመሸከም ጊዜ ያገኛሉ። ሂሳብ ለሚወድ ሰው ከልብ ወለድ ይጥማል።

ጥር

እዚህ ተዋረድኩ። ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ አምስት ደቂቃ ለምኜ የዳቦውን ታሪክ ተረክኩ። «ማህበራችን የተወለደው በ1846 እዚያ ምድጃ ላይ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ተጨበጨበ። ከኋላ ወንበር ግን አንድ ጡረታ የወጡ አባል እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጥሩ ታሪክ ነው። እነዚያ የሚሰጡት ሀብታሞች የሰለቻቸው ቀንስ ምን ሆነ?»

መልስ አልነበረኝም። ገና እዚያ ገጽ አልደረስኩም ነበር! «አነባለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሳቀ።

የካቲት

አነበብኩ። ሽማግሌው ልክ ነበሩ። የዳቦውም የላሙም ማህበር የበጎ አድራጎት እንጂ የቁጠባ ማህበር አልነበረም። ሰጪው ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ። ራይፋይዘን በ1852 ሄደስዶርፍ ወደምትባል ቦታ ተዛውሮ በ1854 ሦስተኛ ማህበር መሠረተ። ይህኛውማ ሁሉን ልሥራ አለ፤ ብድርም፣ የተጣሉ ሕፃናትም፣ ከእስር የወጡ ሰዎችም። ባለጸጎቹ ቀስ በቀስ ደከማቸው። ሰውየው አማኝ ነው፤ ሀብታም ለደሃ መስጠት አለበት ብሎ ከልቡ ያምናል። ስለዚህ ልቡ እያዘነ ነው ሐሳቡን የቀየረው። የሚያምንበት ነገር እንዳልሠራ ተቀብሎ ለመተው ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀበት።

በ1862 አንሃውዘን በምትባል መንደር አዲስ ሙከራ ተጀመረ። በ1864 የሄደስዶርፉም ማህበር በዚያው መንገድ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ስሙ ሲተረጎም «የብድር ሣጥን ማህበር» ነው። ሣጥን የምትለዋን ቃል ወደድኳት። የዕቁብ ሰብሳቢዋ አክስቴ አልጋዋ ሥር የነበረችው ሣጥን ትዝ አለችኝ።

ለውጡ ምን ነበር? መበደር የሚፈልግ አባል ይሁን ተባለ። ዕዳ ቢበላሽ ሁሉም አባል ባለው ንብረት ሁሉ ተጠያቂ ነው። ክልሉ ጠባብ ይሁን፣ አንድ ደብር ያህል፤ ማን ሠራተኛ፣ ማን ሰካራም እንደሆነ ሁሉም ያውቃልና። ትርፉ አይከፋፈልም፣ መጠባበቂያ ይሆናል። ከሂሳብ ያዡ በቀር ማንም ደሞዝ አይከፈለውም። ይህን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ጸሐፊው በነፃ የሚሠራው ከዚያ ጀምሮ ነው ለካ!

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። ሰውየው አራጣ አበዳሪዎችን ሲወቅስ አይሁዳውያንን በጅምላ ይወነጅላል። እንዲህ ያሉ መስመሮች ላይ ስደርስ ደብተሬን ዘጋሁ። በማግሥቱ ከፈትኩት። ደግ ሥራው እውነት ነው፣ ይህም እውነት ነው። ሁለቱንም ጻፍኩ።

መጋቢት

አሁን ወደ አማሊ።

1863 ለዚያ ቤት ክፉ ዓመት ነበር። እናትየው ኤሚሊ ሞተች። አማሊ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ናት፤ ታናናሾች አሉባት። አባትየው ራሱ ጤና አጣ። በ1865፣ በ47 ዓመቱ፣ በትንሽ ጡረታ ከሹመቱ ተሰናበተ። ያቺ በ1843 የጀመረች የዓይን ሕመም እየባሰች ሄዳ ማንበብና መጻፍ ከለከለችው። ቤት ለማኖር ሲጋራ ማምረት ሞከረ፣ በኋላ የወይን ጠጅ ንግድ ውስጥ ገባ። ለድሃ ገበሬ ሲታገል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ለራሱ ሲጋራ ሲጠቀልል ማየት እንግዳ ነገር ነው።

በ1866 ስለ ብድር ማህበራቱ መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡን ከመንደር ወደ ዓለም ያወጣው ያ መጽሐፍ ነው። እሱ ይናገራል፣ አማሊ ትጽፋለች። ደብዳቤዎቹም እንዲሁ። በ1867 ማሪያ ፔንዘሮት የምትባል ባል የሞተባት ሴት አገባ፤ የአማሊ ሥራ ግን አልቀረም። ሳታገባ አብራው ኖረች።

ይህን ለመረዳት አንድ ነገር ሞከርኩ። አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ዓይኔን በነጠላ ጠፍሬ የጉባኤውን ቃለ ጉባኤ ለልጄ በቃል ማስጻፍ ጀመርኩ። አሥረኛ ክፍል ናት፤ እጇ ፈጣን ነው።

«አባዬ፣ ቀስ በል እንጂ!»

ቀስ አልኩ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ የመጀመሪያው ከጭንቅላቴ ጠፋ። ዓይን ለካ የሚያነብ ብቻ አይደለም፤ ያስታውሳልም።

«ይሄን እኮ ቅድም ብለኸዋል።»

«አንዱን ሰርዢው።»

«የትኛውን?»

ዝም አልኩ። የቅድሙ እንዴት እንደነበረ አላውቅም።

«ተወው፣ እኔ መረጥኩልህ» አለች።

ሃያ ደቂቃ ነው የቆየነው። ነጠላውን ፈትቼ ሳነበው ቃለ ጉባኤው ከወትሮው አጭርና የጠራ ነበር። የመረጠችልኝ የተሻለውን ነው። ያኔ የ1866ቱን መጽሐፍ እንደገና ከፈትኩ። ሽፋኑ ላይ ያለው የአባትየው ስም ብቻ ነው። ስንት ቦታ ላይ አማሊ «የትኛውን?» ብላ ጠይቃ ይሆን?

በዚህ ነገር ከአንድ የትምህርት ጓደኛዬ ጋር ተከራክረናል። እሱ «ዘመኑ ነው፣ የሴት ልጅ ዕጣ ያ ነበር» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ማህበሩ «ራስህን በራስህ እርዳ» እያለ ያስተምራል፤ መሥራቹ ግን በአንዲት ልጁ እጅና ዓይን ነው የቆመው። ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። ሂሳብ ስንሠራ ሁሉም ወጪ ይመዝገብ ለማለት ነው።

ሚያዝያ

ራይፋይዘን የሞተው መጋቢት 11 ቀን 1888 ነው፤ 70 ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት አልቀረውም ነበር። በእኛ መጋቢት 3 ቀን 1880 ይሆናል። እኛ ዘንድ ከብት ያለቀበት ያ ክፉ ቀን በሚጀምርበት ዓመት ማለት ነው። ገበሬው በሬ አጥቶ መሬቱን በእጁ ሲቆፍር የዚያኛው አገር ገበሬ የላም ብድር ነበረው። በሽታውን ብድር አይመልሰውም። ቢሆንም ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

እሱ ሲሞት በጀርመን ምድር በእሱ መንገድ የቆሙ ማህበራት ከ400 በላይ ነበሩ። አማሊ በ1897 ሞተች። በ2016 ደግሞ ዩኔስኮ የኅብረት ሥራ ማህበራትን ሐሳብና ልምድ በማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ አስገባ፤ ጥያቄውን ያቀረበችው ጀርመን ናት።

ለሽማግሌው መልሱን ነገርኳቸው። ሻይ ጋብዘውኝ ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ «የእኛ መተዳደሪያ ደንብ ላይ አባል ያልሆነ አይበደርም የምትለዋ ከዚያ ናት?» አሉ። ናት አልኳቸው። «እኔ እኮ ክፋት ይመስለኝ ነበር» አሉና ስኳር ጨመሩ።

የት ደረስኩ? ደብተሬ ላይ 340 አዲስ ቃላት አሉ። ግማሾቹ ላም፣ ዕዳና ዳቦ ናቸው፤ ባቡር ጣቢያ ብሄድ አሁንም ትኬት መግዛቱ ሊከብደኝ ይችላል። ቀጥሎ ያሰብኩት የዘመኑን የእጅ ጽሑፍ መማር ነው። ከሕትመቱም ይብሳል፤ «ኢ» (e) እና «ኤን» (n) አይለዩም። ልጄም ልማር ብላለች። ሁለት ደብተር ገዝቻለሁ። የሚያዝያው ቃለ ጉባኤ ግርጌ ላይም ከፊርማዬ ሥር አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «በቃል የተነገረውን የጻፈች» ይላል፤ ስሟን ራሷ ጻፈችበት።