መታወቂያ የጠየቅንበት ቅዳሜ

በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በበጎ ፈቃደኞች ብቻ የሚሠራ የምግብ ማደያ ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። በሌሎች ከተሞች ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወገኖች እየደወሉ ስለ ፈቃድና ስለ ፍሪጅ ይጠይቁኛል። እኛን ሊያፈርሰን ደርሶ የነበረው ግን ፈቃድም ፍሪጅም አይደለም፤ አንድ ገጽ ፎርም ነው። ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ ሰው ስላልነበረ ነው ይህን የምጽፈው።

አጀማመራችን ቀላል ነበር። በ2020 ኮቪድ ሆቴሉንና ምግብ ቤቱን ሲዘጋ፣ ኤርፖርት የሚሠሩትና ታክሲ የሚነዱት ወገኖቻችን ሥራ ፈትተው ቤት ዋሉ። አራት ሴቶች ገንዘብ አዋጥተን፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ሽንኩርትና ምስር ገዝተን በመኪናችን ለ12 ቤተሰብ አደረስን። በዓመቱ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤቱን ፈቀደልን። የራሳችንን ድርጅት ከማቋቋም ይልቅ በቤተ ክርስቲያኑ ሕጋዊ ሰውነት ሥር መሥራታችን ከብዙ ወረቀት አድኖናል፤ ሌላውም እንዲሁ ቢያደርግ ይሻለዋል። ሁለታችን የምግብ አያያዝ ሥልጠና ወሰድን፤ በፍሪጁ ውስጥ ቴርሞሜትር አስቀምጠን ከ40 ዲግሪ ፋራናይት እንዳያልፍ በየቀኑ መመዝገብ ጀመርን። አንድ ባለ ሱቅ «ሰው ቢታመም እኔ ልከሰስ ነው» ብለው ሲያመነቱ፣ በቅን ልቦና ምግብ የሚለግስን ሰው ከክስ የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ከ1996 ጀምሮ እንዳለ አሳየናቸው። እስከ ዛሬ ክክና ዱቄት ሳያጓድሉ ይሰጡናል።

ስለ ምግቡ ዓይነትም ከብዙዎች ጋር አልስማማም። ከአካባቢው የምግብ ባንክ የሚመጣልን በአብዛኛው የታሸገ ሥጋና ከአይብ ጋር የሚሠራ ማካሮኒ ነበር። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት እነዚህ ከመደርደሪያው አይነሱም፤ የአሳማ ሥጋ ያለበት ጣሳ ደግሞ ለሙስሊሙም ለኦርቶዶክሱም አይሆንም። «የተቸገረ አያማርጥም» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ሰው የማይበላውን ማደል ዕቃ ማዘዋወር እንጂ መመገብ ነው ብዬ አላምንም። በጥሬ ገንዘብ ምስርና ሽሮ መግዛት ስንጀምር ከ60 የማይበልጠው ቤተሰብ በሁለት ወር ውስጥ 90 ሆነ፤ በ2021 መከር ላይ 140 ደረሰ።

ችግሩ የመጣው በዚያው መከር ነው። አትክልት የምናቆይበት ትልቅ ማቀዝቀዣ ስላስፈለገን ገንዘብ ለሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት አመለከትን። ጉዳያችንን የያዙት ሠራተኛ «ተረጂዎቻችሁ በትክክል እንዳሉ ማስረጃ ያስፈልጋል» ብለው የእያንዳንዱን ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀንና የመታወቂያ ቅጂ እንድንሰበስብ ነገሩኝ። ይህ በጽሑፍ የተደነገገ መሆኑን ያኔውኑ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም። ማቀዝቀዣው ዓይኔን ጋርዶት ነበር። ከመካከላችን አንዷ «ሕዝባችን ይህን አይወድም» ብላ ስትከራከረኝ፣ ሥራችን ማደጉንና በሥርዓት መመራት እንዳለበት እየነገርኩ ዝም አሰኘኋት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በሩ ላይ ጠረጴዛ አስቀምጠን ፎርሙን ማስሞላት ጀመርን። ከመጀመሪያዎቹ ቀን ጀምሮ የማውቃቸው አንዲት እናት ተራቸው ደርሶ ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እስኪብርቶውን ይዘው ለረጅም ጊዜ ከቆሙ በኋላ ምንም ሳይጽፉ መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ወረቀቱን ግን በአራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ልጄ፣ የወንድ ልጄ ወረቀት ገና አላለቀም፤ በእኔ ምክንያት ጣጣ እንዳይመጣበት» አሉኝና ባዶ ዘንቢላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ከኋላቸው የነበሩት ሰዎች ይህን አይተዋል። በዚያ ቀን 61 ቤተሰብ አስተናገድን፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ 38።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚያመለክት ሰው «የመንግሥት ሸክም» ይሆናል ተብሎ እንዲከለከል የሚያደርገው ደንብ በየካቲት 2020 ተጠናክሮ ፉድ ስታምፕን፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠውን የምግብ መግዣ ድጎማ፣ ጭምር አካትቶ ነበር። ያ የተጠናከረ ደንብ በመጋቢት 2021 ተነሥቷል፤ በሥራ ላይ በነበረ ጊዜም ቢሆን ከእንደኛ ዓይነት ማደያ ምግብ መውሰድን አይቆጥርም ነበር። ይህን በአማርኛና በትግርኛ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን፤ ማስታወቂያው ግን አንድም ሰው አልመለሰልንም። ስሙን እየመዘገቡ «አትፍራ» የሚል ማስታወቂያ የሚያምን ሰው የለም፤ እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ማቀዝቀዣው በጥር መጣ። ሰው በሌለበት አዳራሽ ውስጥ 14 ሳጥን ጎመን ሞልተንበት፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ በገዛ እጃችን ጣልነው። በዚያው ሰሞን ለሪፖርት ስደውል ሌላ ሠራተኛ አነሡና የሚፈለገው የቤተሰብ ብዛትና ዚፕ ኮድ (የሰፈሩ የፖስታ ቁጥር) ብቻ እንደሆነ፣ መታወቂያው «እንደ ምክር» የተነገረ እንደነበር ገለጹልኝ። ይቅርታ አልጠየቁም፤ ምክሩን የሰጡት ሰውም ቢሆኑ አልደወሉልኝም። ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም፤ ከሁሉ ይልቅ የተናደድኩት ግን ያስጠነቀቀችኝን ጓደኛዬን ባለመስማቴ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የወረቀት መቁረጫ አምጥተን፣ የተሞሉትን ፎርሞች በሙሉ በወረፋው ፊት ከተፍናቸው። ማድረጋችን ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር ስልክ ቁጥሮቹም ስለጠፉ የተሸሸጉትን ሰዎች የምንጠራበት መንገድ አልቀረንም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በእግር ነበር። የዕድር ዳኞችን፣ የመስጊድ ሽማግሌዎችን፣ ታክሲ ነጂዎች ቡና የሚጠጡበትን ካፌ እየዞርን «ስም አንጠይቅም» እያልን ለመንን። ወደ 140 ለመመለስ ስምንት ወር ፈጀብን።

ዛሬ በሩ ላይ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቤት ውስጥ ስንት ሰው አለ፣ ዚፕ ኮዱስ ስንት ነው። መልሱን አንዲት ተማሪ በደብተር ላይ በሰረዝ ትመዘግባለች። ገንዘብ የሚሰጥ አካል ከዚህ በላይ ሲጠይቀን ደንቡን በጽሑፍ እንዲልክልን እንጠይቃለን፤ ካልላከ ገንዘቡ ይቅርብን። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተቋርጦ በኖቬምበር 2025 ፉድ ስታምፕ ሲዘገይ ወረፋችን በሁለት ቅዳሜ በእጥፍ አደገ። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አይተናቸው የማናውቅ ሰዎች ነበሩ፤ እንዴት እንደመጡ ስጠይቃቸው «መታወቂያ አይጠይቁም ሲባል ሰምተን» አሉኝ።

እኚያ እናት አልተመለሱም። የሚኖሩበትን ሕንፃ የምታውቅ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሽሮና ዘይት በየሳምንቱ ታደርስላቸዋለች። ልጃቸው ወረቀቱን አግኝቷል አሉ። ፎርሙን አሁንም እንዳስቀመጡት ነግራኛለች።